እትዬ ታንጉትና ስም ያላቸው ጎመኖች

ስንዱ የደወለችልኝ ጥር ሃያ ቀን ከምሳ በኋላ ነው። ንፋስ መውጫ ቢሮዬ ተቀምጬ ማንም የማያነበውን የሩብ ዓመት ሪፖርት እየጻፍኩ ነበር።

«መላኩ፣ እትዬ ታንጉት አረፉ» አለችኝ። መልስ ሳትጠብቅ ቀጠለች፤ «ቀብራቸው ነገ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ነገ ደግሞ ማርያም ናት። እኛ እሳቸውን ስናስታምም ጎመኑ ሁለት ቀን ውሃ አላገኘም። 'መላኩ እጁን ሳይታጠብ ይምጣ' ብለውሃል። አደራ እንዳትታጠብ።»

ይህን የሰማ ሌላ ሰው ስንዱን ሐዘን አናቷ ላይ ወጣባት ይል ነበር። እኔ ግን ገባኝ። መጀመሪያ ሳቄ አመለጠኝ፤ ከዚያ ስልኩን ዘግቼ ሪፖርቱ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ባልደረባዬ መጀመሪያ በሳቄ፣ ቀጥሎም በለቅሶዬ ግራ ተጋብቶ «ምነው፣ ደመወዝ ገባ እንዴ?» አለኝ።

ስለ እትዬ ታንጉት ለመናገር ከቁመታቸው መጀመር ይሻላል፤ ቁመት የሚባል ነገር አልነበራቸውምና። ከዶማቸው እጀታ በጥቂት ጣት ቢበልጡ ነው። ማሳው ውስጥ ጎንበስ ካሉ ነጠላቸው ብቻ ነበር የሚታየው፤ ድምፃቸው ግን ከምንጩ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ ይሰማል። ከሰው ጋር ያወራሉ፣ ከበግ ጋር ያወራሉ፣ ከሁሉም በላይ ከአትክልት ጋር ያወራሉ። አንዷ ሴት ዝም ብላ ስትኮተኩት ካዩ «አንቺ፣ ምን አጠፋ ብለሽ ነው ያኮረፍሽው? አጫውችው እንጅ!» ይሏት ነበር።

ያወቅኳቸው ከኮሌጅ በወጣሁ በሦስተኛው ወር ነው። የግብርና ባለሙያ ተብዬ ሲማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ሦስት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ቀበሌ ተመደብኩ። አዲስ ቦት ጫማ ነበረኝ። አንድ ወፍራም የሥልጠና መጽሐፍም ነበረኝ፤ እሱን ሳልይዝ ሽንት ቤት እንኳ አልሄድም ነበር። ሰው ሁሉ «ግብርናው» እያለ ይጠራኝ ስለነበር ራሴን አንድ ሙሉ መሥሪያ ቤት አድርጌ ቆጠርኩት።

ከቀበሌው ግርጌ፣ ገደሉ ሥር ምንጭ አለ። ከምንጩ በታች ያለውን ሣር ቀበሌው ለአሥራ ስምንት ሴቶች ለአትክልት ሰጣቸው። አብዛኞቹ ባል የሞተባቸው ወይም የፈቱ ነበሩ። የእርሻ መሬት ያላቸውም ቢሆኑ በሬ የላቸውም፤ በዚያ አገር ደግሞ ሴት ዕርፍ አትጨብጥም። ስለዚህ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ይሰጣሉ፣ ገብሱ ተወቅቶ ሲያልቅ ግማሹ ወደ ሰው ጎተራ ይገባል። እትዬ ታንጉት እናታቸው የሞተችባቸውን ሁለት የልጅ ልጆች ያሳድጉ ነበር። የተረፋቸው ግማሽ ገብስ ሦስቱን ለክረምት አያደርስም። እሱ ሲያልቅ እሳቸው እንጨት ተሸክመው ወገዳ ይወርዳሉ፤ ልጆቹም ትምህርታቸውን ትተው ይከተሏቸዋል።

«ሞፈር ወንድ ይፈልጋል፣ ወንዱ ሁለት በሬ ይፈልጋል፣ በላዩም ጠላ ይፈልጋል» ይሉ ነበር ዶማቸውን እያሻሹ። «ይህችማ የምትፈልገው እኔን ብቻ ነው።»

ችግሩ መሬቱ የተሰጠው ለአንድ በጋ ብቻ መሆኑ ነው። እስከ ፋሲካ ዓይን የሚሞላ ነገር ካልበቀለበት ተመልሶ የከብት መሰማሪያ ይሆናል። ይህን ያስወሰኑት የመሬት ኮሚቴው አባል አያ ደሳለኝ ነበሩ፤ ሁለቱ በሬዎቻቸው ከጥጃነታቸው ጀምሮ የበሉት ያንን ሣር ነው። መሬቱ ከታጠረ በኋላ በሬዎቹ በየማለዳው እየመጡ አጥሩ ላይ አንገታቸውን አስደግፈው ያዩናል። አያ ደሳለኝም አጠገባቸው ቆመው ያዩናል። ሦስቱም ፊታቸው ላይ ያለው ቅሬታ አንድ ዓይነት ነበር።

የጀመርነው በካሮት ነው፤ ያልተሳካልንም በካሮት ነው። እኔ መጽሐፌን ዘርግቼ ዘሩ ተዘርቶ ስንት ወር እንደሚቆይ አስረዳሁ። እትዬ ታንጉት ግን ምድር ውስጥ የተደበቀን ነገር ማመን አልሆነላቸውም። ማልደው ይመጡና አንዱን በቅጠሉ ይዘው ብቅ ያደርጉታል፣ ጣታቸው ላይ ለክተው «ትናንት ይህን ያህል ነበር» ብለው ይመልሱታል። አፈሩንም ደልደል፣ መታ መታ ያደርጉለታል። ይህን ያዩ ሌሎቹ ሴቶችም እንደ እሳቸው ያደርጉ ጀመር። እኔ ይህን ያወቅኩት ካሮቱ ሲነቀል ነው። አንድም ቀጥ ያለ አልነበረም፤ ግማሹ ሁለት እግር አውጥቷል፣ አንዳንዱም እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል።

«እትዬ፣ ካሮት እየተነቀለ አይታይም እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

«ታዲያ ማደጉን በምን አውቃለሁ?»

«ይታመናል!»

«ልጄ» አሉኝ በአዘኔታ፣ «እኔ የማምነው እግዜርን ብቻ ነው። ካሮትን አየዋለሁ።»

ያን ካሮት ወገዳ ገበያ ይዘውት ወረዱ። እኔ አፍሬ ራቅ ብዬ ቆምኩ። እሳቸው ግን ካሮቶቹን እንደ ሰው ደርድረው «ሱሪ የለበሰ ካሮት! እዩ፣ ሱሪ የለበሰ! ሌላ ዘንድ ያለው ራቁቱን ነው!» እያሉ ይጮሃሉ። መጀመሪያ ልጆች ተሰበሰቡ፣ ቀጥሎ እናቶቻቸው። እትዬ ታንጉት ቀጥ ያለ ካሮት ከያዘው ነጋዴ ቀድመው ሸጠው ጨረሱ። ነጋዴው መጥቶ ዘሩን ከየት እንዳመጡት በጆሯቸው ሲጠይቃቸው ወደ እኔ ጠቆሙና «እሱን ጠይቀው፣ የተማረ ነው» አሉት።

ሱሪ የለበሰ ካሮት ግን የኮሚቴን ዓይን አይሞላም። ተስፋችን ሁሉ በጥቅል ጎመኑ ላይ ሆነ። እዚህ ላይ ደግሞ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ችግኙን ከመደብ ወደ ማሳ ያዛወርኩት ጥር ዘጠኝ ቀን ነበር። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለማቋረጥ ውሃ እንዲጠጣ የሚያዝ ሰሌዳ በደማቅ እስክሪብቶ ጽፌ ግንድ ላይ ለጠፍኩ። እትዬ ታንጉት ማንበብ ስለማይችሉ ስንዱ አነበበችላቸው። ስንዱ የቡድኑ ሊቀመንበር ናት፤ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፣ እንደ እኔ ደግሞ ለወረቀት ክብር ነበራት። እትዬ ታንጉት እስኪያልቅ በትዕግሥት አዳመጡና ጠየቁ፤

«ይህን የጻፈው ሰው ክርስቲያን ነው?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት እትዬ።»

«አንተስ ክርስቲያን ነህ?»

ከዚያ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩልኝ። ነገ ከተራ፣ ታቦት ይወርዳል። ከነገ ወዲያ ጥምቀት። ከዚያ ሚካኤል። በማግስቱ እሑድ። በዓል በተከበረ ቀን መሬት የነካ፣ ያጠጣ፣ የኮተኮተ ሰው በዓል ሽሯል ይባላል፤ በዓል ከተሻረ ደግሞ በረዶ ይወርዳል፤ በረዶው የሚወርደው በሻረው ሰው ጎመን ላይ ብቻ ሳይሆን በአገሩ ገብስ ሁሉ ላይ ነው። እኔ እዚያው ሲማዳ አጠገብ፣ እስቴ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። እናቴ በሚካኤል ቀን መርፌ አታነሳም። ይህን ሁሉ እያወቅኩ መጽሐፉ አስረስቶኝ ነው።

በጥምቀት ማግስት፣ በሚካኤል ቀን ጠዋት ወደ ማሳው ብወርድ ችግኙ ሁሉ መሬት ላይ ተለጥፏል። የጥር ፀሐይ ከላይ፣ ነፋሱ ከጎን ጨርሶታል። የአሥራ ስምንት ሴቶች ተስፋ በእኔ ሰሌዳ ምክንያት ሲደርቅ እያየሁ መቆም አቃተኝ። ማጠጫውን አንስቼ ወደ ምንጩ ልሮጥ ስል ከኋላዬ ሹራቤን ያዙኝ።

«ቁም! በዓል ልትሽር ነው?»

«ይሙት ታዲያ?»

«አንተ ነገ ተዛውረህ ትሄዳለህ። በረዶ ቢመጣ በማን የሚሳበብ መሰለህ? ደሳለኝ እንደሆነ አጥሩ ላይ ነው ያለ።» አሁንም አጥሩ ላይ ነበሩ፤ በሬዎቹም አልቀሩም። እትዬ ታንጉት ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ አሰቡ። የጥምቀት ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ እግራቸውን ተቀብተው ነበር የመጡት።

«በበዓል ቀን እጅ መታጠብ ይፈቀዳል?» አሉኝ።

«ይፈቀዳል።»

«ውሃ መቅዳትስ?»

«እሱም ይፈቀዳል።»

«የት ቁመሽ ታጠቢ የሚል የተጻፈ ነገር አለ?»

«የለም።»

«በል እንግዲያ ጥራቸው።»

ያን ቀን ያየሁትን ስዕል አርጅቼ እንኳ የምረሳው አይመስለኝም። አሥራ ስምንት ሴቶች ነጭ በነጭ ለብሰው በየረድፉ ቆመዋል። አንዷ በጣሳ ታፈስሳለች፣ ሌላዋ ችግኙ ላይ እጇን ትታጠባለች። አንድ እርምጃ ይሄዱና እንደገና ይታጠባሉ። እጅ ሲሰለቻቸው ፊት፣ ፊት ሲሰለቻቸው እግር። ስንዱ ጥላዋን ዘርግታ አጠበች። አንዷ የልጇን ልብስ አውልቃ ማሳው መሃል አጠበችው፤ ልጁ የጎመን ቅጠል ይዞ ያለቅሳል። እትዬ ታንጉት ከላይ ከታች እየሮጡ ትእዛዝ ይሰጣሉ፤ «ማንም 'አጠጣሁ' እንዳትል! 'ታጠብሁ' ነው! አንቺ፣ ስትጎነበሽ ወገብሽን አትያዢ፣ ሥራ ይመስልብሻል! ፈገግ በሉ፣ በዓል ነው!»

አያ ደሳለኝ ከአጥሩ ጠፉ። ሲመለሱ ቄስ አዱኛን አስከትለው ነበር። ደብሩን የሚያስተዳድሩት እሳቸው ናቸው። «በዓል ሽረዋል» ካሉ ደግሞ ፋሲካን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ማሳው በዚያችው ሰዓት አበቃለት። ሴቶቹ ሁሉ እጃቸው እንደረጠበ ባሉበት ቀሩ። እኔ ማጠጫውን ከኋላዬ ደበቅኩ።

«ታንጉት፣ ምን እየሠራችሁ ነው?» አሉ ቄስ አዱኛ።

«በበዓል ምን ሥራ አለ አባቴ! እጃችንን እየታጠብን ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጠዋት ጀምሮ።»

«እጅ ለመታጠብ ይህ ሁሉ ጀሪካን?»

«አባቴ» አሉ እትዬ ታንጉት አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ «እርስዎ የንስሐ አባቴ ነዎት። ምን ያህል እንደቆሸሽሁ ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል?»

የቄሱ ጢም ሲንቀሳቀስ አየሁ። አያ ደሳለኝ ግን አላስቻላቸውም። «አባ፣ እያጠጡ ነው እኮ! ዓይናችን እያየ በዓል እየሻሩ ነው!»

እትዬ ታንጉት ዞሩባቸው። «አንተ ደሳለኝ፣ በሬዎችህን ዛሬ ውሃ አጠጣህ?»

«እንዴታ! ሊጠማቸው ነው?»

«በሚካኤል?»

«ከብት እኮ ነው! ነፍስ አለው!»

ቄስ አዱኛ ወደ በሬዎቹ አዩ። ወደ ችግኙ አዩ። «እንዲህ ያለ ነገር ወንጌል ላይም አለ» አሉ ለራሳቸው ያህል፣ በዝግታ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ።

«የእኔም እግር ከትናንት ጀምሮ አቧራ ነው» አሉ። «ያልታጠባችሁበት ረድፍ የትኛው ነው?»

ችግኙ ከሁለት ቀን በኋላ ራሱን ቀና አደረገ። ከዚያ ወዲህ ልደታ ሲሆን፣ ሥላሴ ሲሆን፣ ኪዳነ ምሕረት ሲሆን ሴቶቹ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለመታጠብ ይወርዳሉ። ቤታቸው ማንም እጁን ታጥቦ አይወጣም፤ ውሃ ማባከን ነው። አንድ ጊዜ የጤና ባለሙያዋ ለጉብኝት መጥታ ይህን አየች። ወዲያው ፎቶ አንስታ ቀበሌያችን በእጅ መታጠብ ለሌሎች ምሳሌ እንደሆነ ጻፈች። የምስክር ወረቀትም ተሰጠን፤ እትዬ ታንጉት ወረቀቱን አጥሩ ላይ በሬዎቹ ፊት ሰቀሉት፣ በሬዎቹም በሉት።

መጋቢት ላይ ጎመኑ መጠቅለል ጀመረ። አንድ ቀን ጠዋት ስደርስ እትዬ ታንጉት በየረድፉ እየዞሩ ስም ያወጣሉ።

«ራስ ያበጀ ፍጡር ያለ ስም አይቀመጥም» አሉኝ።

ረጋ ብሎ ጢም የመሰለ ቅጠል ያንጠለጠለው ቄስ አዱኛ ተባለ። ከጎረቤቱ ሁሉ ፈጥኖ የበቀለው ስንዱ። ከሁሉም የሚበልጠው፣ ድንጋይ የሚያህለው፣ ዶማ ቢነካው እንኳ የማይበሳው ደግሞ ደሳለኝ ሆነ። ይህን ጎመን በየቀኑ ቆመው ይሰድቡታል፤ ተሳድበው ሲጨርሱ ውሃ ደርበው ይሰጡታል። «ይህ ሲሰደብ ነው የሚወፍር» ይላሉ። ማሳው ውስጥ «ደሳለኝን ትል ጀመረው»፣ «ደሳለኝ ላይ አመድ ነስንሽበት» ሲባል መዋሉ ሰፈር ደረሰ። የአያ ደሳለኝ ባለቤት እናኑ ደንግጣ ልታይ መጣች። ጎመኑን አይታ «መልኩንስ አልሳታችሁም» አለች፤ በሳምንቱ አሥራ ዘጠነኛ አባል ሆና ተመዘገበች።

በእኔ ስም የተሰየመውስ? ረድፉ ጫፍ ላይ፣ ቅጠሉን በአራቱም አቅጣጫ የዘረጋ፣ ሰፊ፣ አረንጓዴ፣ ምንም ራስ የሌለው ጎመን ነበር።

«ልጄ፣ አንተ ገና አልጠቀለልህም» አሉኝ ትከሻዬን እየመቱ። «አይዞህ። ቅጠልህ ያምራል።»

ተናደድኩ። ምን ያዋሸኛል፤ ከልቤ ነው የተናደድኩት። ሰው ሳያየኝ በምሳ ሰዓት እየመጣሁ ብስባሽ አለበስኩት፣ ኮተኮትኩት፣ እንደ እሳቸውም ባዋራው ብዬ «ጠቅልል እንጂ!» ብዬ ጮህኩበት። አልጠቀለለም። እትዬ ታንጉት ምክንያቱን ሲያስረዱ ሰማኋቸው፤ «መጽሐፍ የበዛበት ጎመን እንዲህ ነው» ይላሉ።

ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ኮሚቴው መጣ። አምስት ወንዶች ናቸው፣ አያ ደሳለኝ ከፊት። እትዬ ታንጉት እንግዳ እንደሚያስተዋውቅ ሰው እየመሩ ጎመኖቹን በየስማቸው ነገሯቸው። የኮሚቴው ሊቀመንበር ከንፈሩን ነክሶ ይከተላል። ትልቁ ጎመን ጋ ሲደርሱ ቆመ።

«ይሄስ ማን ይባላል?»

ሴቶቹ ሁሉ መሬት መሬት አዩ። ስንዱ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ይህማ ደሳለኝ ነው» አሉ እትዬ ታንጉት።

ማንም አልሳቀም። አያ ደሳለኝ ፊታቸው ቀላ። ቅጠል የከብትና የችጋር ምግብ ነው ብለው የሚያምኑ፣ በሕይወታቸው ጎመን ቀምሰው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ አሁን ደግሞ ራሳቸው ጎመን ሆነው ቆመዋል። እትዬ ታንጉት ካራቸውን አውጥተው ጎመኑን ከሥሩ ቆረጡት። ከብዷቸው ሊወድቁ ነበር። በሁለት እጃቸው አቅፈው ሰጧቸው።

«ከበሬዎችህ ሣር የወጣ ነው። ውሰድና እናኑ ትሥራው። ሁዳዴ ነው፣ ሌላም የምትበላው የለ። ካልጣፈጠህ ነገ መጥተህ መሬቱን ውሰድ፣ አንዲት ቃል አልናገርም።»

ስንዱ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ምልክቱ ለወር ያህል አልጠፋም። መሬቱ፣ ምንጩ፣ የሁለቱ ልጆች ትምህርት፣ ሁሉም በአንድ ድስት ላይ ተጣለ። ኮሚቴው ሲሄድ ማንም ወደ ቤቱ መግባት አልፈለገም። እትዬ ታንጉት ብቻ ምንም እንዳልሆነ ይኮተኩታሉ። ቀረብ ስል ግን ያንኑ አንድ ቦታ ደጋግመው ሲኮተኩቱ አየሁ። «እናኑ ጨው ታበዛለች» አሉኝ ቀስ ብለው። «እሱን ነው የፈራሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ሁላችንም ማሳው ውስጥ ነበርን። አያ ደሳለኝ መጥተው አጥሩ ላይ፣ በሁለቱ በሬዎቻቸው መካከል ቆሙ። ጎመኑን ከረድፍ ረድፍ በዓይናቸው ዞሩት።

«ታንጉት» አሉ በመጨረሻ።

«አቤት።»

«ሌላ ደሳለኝ አለሽ?»

መሬቱ በዚያው ጸና። ከዚያ በጋ በኋላ እትዬ ታንጉት እንጨት ተሸክመው ወገዳ ሲወርዱ አላየሁም፤ የሚወርዱት በሽንኩርትና በቀይ ሥር፣ ከገዢው ሁሉ ጋር እየተከራከሩ ነው። የልጅ ልጆቻቸው ከትምህርት ገበታ አልቀሩም፤ ታላቋ ዘንድሮ ደብረ ታቦር ነርስነት ትማራለች። እኔ ሌሎች ቀበሌዎች ውስጥም ሠርቻለሁ፣ ብዙ ሥልጠና ሰጥቻለሁ፣ ብዙ ሰሌዳ ለጥፌያለሁ። የሠራሁት ሥራ ለሰው ጠቅሟል ብዬ የምኮራበት ግን ያ ገደል ሥር ያለው ማሳ ብቻ ነው፤ እሱንም እሳቸው ናቸው የሠሩት።

ወደ ንፋስ መውጫ ስዛወር «ስምህን አልነቅልም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። በየዓመቱ ረድፉ ጫፍ ላይ አንድ መላኩ ይተክላሉ። በበዓል ለእንኳን አደረሰዎ ስደውል ስንዱ ስልኩን ትይዝላቸዋለች፣ እሳቸው ይጮሃሉ፤ «ዘንድሮም አልጠቀለልህም! አላገባህም አይደል? አውቄያለሁ!» አምስት ዓመት ሙሉ አልጠቀለልኩም። ባለፈው ዓመት ሳገባ ደውዬ ነገርኳቸው። «ዘግይተሃል፣ ጎመኑ ተነቅሏል። እንግዲህ ለከርሞ» አሉኝ።

ለቀብራቸው እጄን ሳልታጠብ ሄድኩ። ከንፋስ መውጫ በማለዳ ተነስቼ፣ በአቧራ ተለውሼ፣ መንገድ ላይ ምሳ እንኳ ሳልበላ ደረስኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በሰው ሞልቷል፤ ለአስተርእዮ ማርያም የመጣው ሁሉ ለቀብሩም ቀርቷል። ያቺ ከዶማ የማትበልጥ ሴት የገባችበት ጉድጓድ ትንሽ ነበር።

ከቀብር የተመለሰ ሰው ለቅሶው ቤት በር ላይ እጁን ይታጠባል። ቄስ አዱኛ ግን ፍትሐቱ እንዳበቃ ሕዝቡን በመቋሚያቸው አስቆሙት። አርጅተዋል፤ ድምፃቸው ይቆራረጣል።

«ሟቿ የተናዘዙት አለ» አሉ። «እጃችሁን የምትታጠቡት እታች ነው።»

ያ ሁሉ ሕዝብ ወደ ገደሉ ሥር ወረደ። አያ ደሳለኝ ከሁሉ ቀድመው ደርሰው፣ ጀሪካን ይዘው ምንጩ አጠገብ ቆመዋል። እንባቸው ጢማቸው ላይ እየወረደ ሰውን ያሰልፋሉ፤ «በረድፍ በረድፍ! አንተ፣ ወገብህን አትያዝ! ሚካኤል ይድረስላችሁ፣ ደሳለኝ ላይ አትረባረቡ፣ እሱ ጠግቧል! ሽንኩርቱ ጋ ሂዱ!» ሰው ያለቅሳል፣ ይታጠባል፣ ይስቃል፣ ደግሞ ያለቅሳል። ውሃው በየቦዩ ሲሄድ አየሁት።

ስንዱ እጅጌዬን ይዛ ረድፉ ጫፍ ወሰደችኝ።

«ይህ አንተ ነህ» አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ ዳሰስኩት። ጠቅልሏል። ገና ትንሽ ነው፣ ግን ጥብቅ ያለ፣ በጣት ሲነካ የማይገባ።

«ቅዳሜ ዕለት ደግፈን አውርደናቸው ነበር» አለች። «ዳሰሱህና 'በሉ፣ ይህም ሰው ሆነ' አሉ።»

ስንዱ በጣሳ አፈሰሰችልኝ፣ እኔም እዚያው ራሴ ላይ ታጠብኩ። የመንገዱ አቧራ ከእጄ እየለቀቀ ጎመኑ ሥር ወረደ።

«ደርቀህ እንዳትቀር፣ ደህና አድርገህ ታጠብ» አለችኝ። «አርባቸው ሁዳዴ ላይ ነው የሚውል። አንተን ነው የምንቀቅል።»

«ብቻዬን?»

«ከደሳለኝ ጋር።»

እጄ ከጸዳ ቆይቷል። ቢሆንም ደግማ እንድታፈስልኝ እጄን ዘረጋሁ።